እርጎውን ማን ይቅመሰው

እናቴ ላቦውን ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ የምትደግማት አንዲት ንግግር አለቻት፤ እኔ በቃሌ ይዣታለሁ። እንግዳው ጫማው ላይ ከሚጠለቀው ሰማያዊ ላስቲክ ጋር ገና ሲታገል ትጀምራለች። «አራት ሰዎች ነን፤ አራታችንም ከተለያየ ቤት ነው የመጣነው። ጥንካሬያችን ይኸው ነው።» «ጥንካሬያችን» ላይ ስትደርስ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ከኋላ ቆሜ ጣሪያውን አንጋጥጬ አያለሁ፤ ምክንያቱም እንግዳው ከሩብ ሰዓት በኋላ ይሄዳል፣ እኛ ግን ከጥንካሬያችን ጋር እስኪመሽ አብረን እንውላለን።

ላቦ የምንለው ጅቡቲ፣ አምቡሊ ሰፈር ውስጥ፣ ከደረቁ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ የተከራየናቸውን ሁለት ክፍሎች ነው። በሩ ላይ በፈረንሳይኛ «ባዮቴክኖሎጂ» የሚል ተለጥፏል። የሰፈሩ ሰው ግን «ወተት ቤት» ነው የሚለን፤ እናቴ በዚህ ትበሽቃለች። ለማያውቅ ላስረዳ። ወተት ብቻውን እርጎ አይሆንም፤ የሚያረጉት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። እነሱን መርጦ፣ ለይቶ፣ ሳይሞቱ ማራባት ነው የእናቴ ሥራ። እርሾ እንለዋለን። የግመል ወተት ደግሞ እንደ ላም ወተት እሺ ብሎ አይረጋም፤ ውሃ እንደሆነ ይቀራል። የሚያረጋውን እርሾ እስክታገኝ ድረስ እናቴ ሦስት ዓመት ሙሉ የቤታችንን ፍሪጅ በብልቃጥ ሞልታ እኔን ዳቦና ሳርዲን አብልታኛለች። አምና ከፋሲካ በኋላ ብልቃጦቹ ከቤት ወጡልኝ፤ ላቦው ተከፈተ።

ከእናቴ ሌላ ሦስት ሰዎች አሉ። መለኪያዎቹንና ማሞቂያዎቹን የሚይዘው ፈረንሳይ ተምሮ የመጣ ወጣት ነው፤ አያቶቹ ከየመን በጀልባ የተሻገሩ ናቸው። በባቡሩ ዘመን የእኛ ሐበሾች ፈረንሳዩን ሁሉ ሙሴ ይሉት ነበርና እኛም ሙሴ እንለዋለን። ቁጥር ካላየ አያምንም። ወተቱን ከግመል ጠባቂዎቹ የሚያመጡት አንድ አፋር ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ከአዋሽ ጅቡቲ ሲመላለሱ ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕቃ የምታጥበውና እርጎውን በየብርጭቆው የምትሞላው ደግሞ ከባልባላ በሚኒባስ የምትመጣ ሶማሌ ሴት ናት። ላቦ ከመግባቷ በፊት ገበያ ተቀምጣ ሃያ ዓመት የግመል ወተት ሸጣለች። ኤዶ ነው የምላት፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡና «በሩን ዝጉት፣ አቧራ እየገባ ነው» በሏቸው። እናቴ ለሙሴ በፈረንሳይኛ ትነግረዋለች፣ ለኤዶ በሶማሊኛ ትደግማለች፣ ጋሼ በአማርኛ የትኛውን በር ይላሉ፣ ሙሴ ጋሼ ምን እንዳሉ ይጠይቃል፤ እስከዚያ አቧራው ገብቶ ቦታ ቦታውን ይዟል። ሙሴ የክፍሉን ማቀዝቀዣ ዐሥራ ስምንት ዲግሪ ላይ ያደርገዋል። ኤዶ ሁለት ሻሽ ደርባ ትመጣና እሱ ዞር ሲል ሃያ ስድስት ታደርገዋለች። ስለ ንጽሕናማ ባታነሱብኝ ይሻላል። ኤዶ ዕቃ በጭስ ካልታጠነ ታጠበ አትልም፤ ሙሴ በእንፋሎት ካልተቀቀለ ታጠበ አይልም፤ እናቴ ሁለቱንም ስለማታምን በላዩ በረኪና ትጨምርበታለች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚያ ስለምሄድ ይኼን ሁሉ የማየው በባዶ ሆዴ ነው።

የእናቴ ትልቁ ኩራት ግን የቅምሻ ተራው ነበር። አንድ ዙር እርጎ በሰው ምላስ ሳይቀመስ አይወጣም። እኛ ረቡዕና ዓርብ ስለምንጾም በእነዚያ ቀናት ኤዶ ወይም ሙሴ ይቀምሳሉ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ እናቴና እኔ እንቀምሳለን። ተራውን በሦስት ቀለም ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች። ሁላችንም አንድ ዓይነት ብንሆን ኖሮ ጾም በመጣ ቁጥር ሥራው ይቆም ነበር፣ እኛ ጋ ግን ሁልጊዜ የማይጾም ሰው አለ ትላለች። እውነቷን ነው፤ ደግሞም ጎበዝ ሐሳብ ነው። ችግሩ ጾሞቹን አንድ በአንድ ማሰቧ ነበር።

በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾም ሰኞ ገባ። ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ።

የእርጎ ላቦ ውስጥ እርጎ አፉ የሚያስገባ አንድ ሰው ጠፋ። ስብሰባ ተጠራ። ሙሴ ድሮም ምላስ መሣሪያ አይደለም፣ የኮምጣጣነት መለኪያውን እመኑት አለ። ኤዶ ሳቀችና መለኪያው እርጎ ጠጥቶ ያውቃል ወይ ብላ አስጠየቀችው። መፍትሔውን ያመጡት ጋሼ ናቸው፦ ረመዳን የሚጾሙት ሦስቱ ማታ ሲያፈጥሩ የሚቀምሱትን ብርጭቆ ብርጭቆ ይዘው ይሂዱ፣ ጠዋት መጥተው ይናገሩ። ሁሉም ደስ አለው። ለእኔም ዕረፍት ነበር፤ «ለሥራ ነው፣ አንዲት ማንኪያ ብቻ» ብዬ እናቴን ጠይቄ ያየሁትን ፊት ደግሜ ማየት አልፈልግም ነበር።

በዚህ መሀል ነው የሱቁ ሰው ቀጠሮ የያዘው። የአንድ ትልቅ ሱቅ ኃላፊ ነው፤ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት መጥቶ እርጎውን ያያል፤ ከወደደው ከዒድ በኋላ ሱቁ ውስጥ ቦታ ይሰጠናል። ካልወደደው ምን እንደሚሆን እናቴ እሑድ ልብስ እየተኮሰች ነገረችኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ሥራ አቅርቦላታል፣ መልሷን እየጠበቁ ነው። ሐሙስ ካልተሳካ እሺ እላቸዋለሁ፣ ከዚህ በላይ መጎተት አልችልም አለች። ይኼን ስትል የትምህርት ቤት ቀሚሴን ገልብጣ እየተኮሰች ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 ነው፤ እናቴም እዚያው። አዲስ አበባን የማውቃት በዕረፍት ለሦስት ሳምንት ነው፤ ይበርደኛል፣ አፌን ስከፍት ደግሞ ከየት ነሽ ይሉኛል። ሊሴ ልጨርስ አንድ ዓመት ከምናምን ወር ቀርቶኛል፤ ጓደኞቼ ሁሉ እዚህ ናቸው። ይኼን ሁሉ ለእናቴ አልነገርኳትም። እሺ ብቻ አልኳት። ከዚያ በኋላ ግን ላቦ ገብቼ እያንዳንዷን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስቼ እመረምር ጀመር።

ለሐሙስ የሚሆነው እርጎ ሰኞ ደረሰ። ማታ ሦስቱም ብርጭቆ ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመጣ እናቴ የጠዋቱን ወሬ ነገረችኝ። ጋሼ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ እርጎ ቀምሼ አላውቅም ብለዋል። ሙሴ ግሩም ነው ብሏል። ኤዶ ብቻ ይመራል አለች። ሙሴ ከቴምር በኋላ ቀምሰሽው ይሆናል፣ አፍ ጣፋጭ ከለመደ በኋላ ሁሉ ነገር ይመረዋል ቢላት አንገቷን ደፍታ ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። ስለዚህ ሁለት ለአንድ ሆነ። መለኪያውም ከሁለቱ ጋር ወገነ። እናቴ መለያ ወረቀት ለመለጠፍ ተዘጋጅታ ነበር፤ ጓንት አምጪልኝ ብላ ወደ ዕቃ ቤቱ ላከችኝ።

የዕቃ ቤቱን በር ስከፍት ኤዶ ከካርቶኖቹ ኋላ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። አንድ እጇ ላይ ግማሽ ዳቦ፣ ሌላው ላይ የውሃ ጠርሙስ። ጉንጯ ሞልቷል። በረመዳን እኩለ ቀን።

በእጇ ግቢ አለችኝ፣ ዋጠች፣ ከዚያ በሶማሊኛ «በሩን ዝጊው አባዮ» አለች። አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ እንዲህ የምትለኝ ነገር ስትፈልግ ነው። ዘጋሁት። ማብራሪያ አላስፈለገኝም፤ እኔም ሴት ነኝ። ወሩን ጠብቆ የሚመጣው ሲመጣ ሙስሊም ሴቶች አይጾሙም፣ ቀኑን በኋላ ይከፍሉታል። ክልክል የሆነ ነገር አላደረገችም። ግን ወንድ ፊት ማን ይበላል? ከልጅነቷ ጀምሮ በየዓመቱ እነዚህን ቀናት እንዲህ በየጓዳው ተደብቃ እንደምታሳልፋቸው፣ ወንድሞቿ አንድም ቀን ጠርጥረው እንደማያውቁ ነገረችኝ። እኛም ቤተ ክርስቲያን የማንገባበት ቀን አለን፣ ቅጥሩ ጋ ቆመን ነው የምናስቀድሰው አልኳት። ሳቀችና ዳቦውን ቆርሳ ልትሰጠኝ ስትል መጾሜ ትዝ አላት።

በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ።

«ኤዶ፣ እርጎውን ማታ አይደለም የቀመስሽው።»

«ትናንት በቀን፣ እዚሁ ተቀምጬ» አለች። «ጨው አይደለም፣ ኮምጣጣም አይደለም። ጉሮሮ ላይ የሚቀር መራራ ነው። ሃያ ዓመት ወተት ሸጫለሁ፣ አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ይመራል አልኳቸው። ያ ልጅ በስንት ሰዓት ቀመስሽው ብሎ በወረቀቱ ሊጽፈው ሲነሳ ምን ልበለው?»

ግድግዳውን በጭንቅላቴ ልመታው ምንም አልቀረኝም። አራት ቋንቋ፣ ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ከፈረንሳይ የመጣ ዲፕሎም፣ ሃያ ዓመት የገበያ ልምድ፣ ባለ ሦስት ቀለም የቅምሻ ተራ ሰብስበን፣ እውነቱን የምታውቀው አንዷ ሰው ካርቶን ኋላ ተደብቃ ዳቦ ትበላለች። ልለምናት ሞከርኩ፤ ለእናቴ ብቻ ልንገራት አልኳት። እናትሽ መዋሸት አትችልም፣ ፊቷ ላይ ያነቡታል አለች። ይኼም እውነት ነው። እንዳልናገር ቃል አስገባችኝ። ገባሁ። ጓንቱን ይዤ ወጣሁ።

ጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉም ቆመዋል። እናቴ መለያ ትለጥፋለች፣ ሙሴ ይቆጥራል፣ ጋሼ ሳጥን ያዘጋጃሉ። ኤዶም አፏን ጠርጋ ከኋላዬ መጣች። እንደገና ይቀመስ አልኩ። እናቴ ተቀምሷል አለች። ጋሼና ሙሴ የቀመሱት ከጾም በኋላ ነው፣ ከጾም በኋላ ምን የማይጣፍጥ አለ አልኩ። ሙሴ ሳቅ ብሎ እሷስ መቼ ቀምሳው ነው አለ፤ ሁሉም ወደ ኤዶ ዞሩ። ኤዶ ወለሉን አየች። እኔ ቃል ገብቻለሁ። የአዲስ አበባ ብርድ ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ።

ማንኪያ አነሳሁ፣ አንዱን ብርጭቆ ከፈትኩ፣ ሞልቼ ጎረስኩ።

«ትፊው» አለች እናቴ።

ዋጥኩት። ኤዶ እንዳለችው ነው፤ መጀመሪያ ምንም የለም፣ ለስላሳ ነው፣ ደስ ይላል፤ ከዚያ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ተጣብቆ ይቀራል።

«መራራ ነው፣ እማ።»

እናቴ እርጎውን አላየችም፤ እኔን ነው የምታየው። «ዐቢይ ጾም ነው» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ያላወቅሁት ይመስል። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ኤዶ እኮ ነግራችሁ ነበር፣ ማን ሰማት ብዬ መለስኩላት።

ጋሼ ሳጥኑን አስቀምጠው ወደ እኔ ቀረቡ። ምላስሽ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ጉሮሮሽ ላይ ብለው ጠየቁኝ። ጉሮሮዬ ላይ፣ ክኒን አፍ ውስጥ ሲሟሟ እንደሚመረው ነው አልኳቸው። ቆባቸውን አወለቁ።

«ወርደዋል» አሉ።

ማን? ግመሎቹ። ከኮረብታው ወደ ባሕሩ ዳር ወርደዋል ማለት ነው፤ እዚያ ጨው የጠጣ ቁጥቋጦ አለ፣ እሱን የበላች ግመል ወተቷ እንዲህ ይሆናል። ጠባቂው ቦታ መቀየሩን አልነገራቸውም። እሳቸው ይኼን ከሕፃንነታቸው ያውቁታል፤ ማታ ግን ቴምር በልተው፣ ሾርባ ጠጥተው፣ ከዚያ እርጎውን አንስተው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። በዚያ ሰዓት ካርቶን ቢሰጡኝም እበላ ነበር አሉ። ሙሴ ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻለም፤ የእሱን ብርጭቆ እናቱ ስኳር ጨምራበት ነበር።

«ስኳር» አለች እናቴ። ሙሴ መለኪያውን ማጽዳት ጀመረ።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። ለምን እንዲህ አደረግሽ፣ ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ፣ ለንስሐ አባትሽ ምን ልትዪ ነው። መልሱ የኤዶ ምስጢር ነበር። ቆሜ ማንኪያውን አገላብጣለሁ። ያን ጊዜ ኤዶ ሻሿን አስተካክላ ወደ ፊት መጣች።

«ልጅቷን ተያት። እኔ ትናንት በቀን ቀምሼዋለሁ» አለች። መጀመሪያ በሶማሊኛ፣ ከዚያ ሙሴ አልሰማሁም እንዳይል በተሰባበረ ፈረንሳይኛዋ፣ ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ በገበያ አማርኛዋ። «እስከ ሐሙስ አልጾምም።»

የሙሴ ጆሮ ቀላ። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው ረጅም ጊዜ ውጭውን አዩ፤ ውጭ የሚታይ ነገር የለም፣ ግንብ ነው። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ቀማሽ አገኘን።»

መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ኤዶ ነች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነበር። ጋሼ በዚያው ከሰዓት ወደ ኮረብታማዋ አርታ አቅጣጫ ወጡ፤ ከባሕሩ ርቀው የሚሰማሩ ግመሎች ያሉት ዘመድ አላቸው። ረቡዕ ጠዋት ወተቱን ይዘው መጡ። ሙሴ አሞቀው፣ እናቴ እርሾዋን ጨመረች፣ ኤዶ ብርጭቆዎቹን አጠነች፤ በዚያን ቀን ማንም ስለ ጭሱ አልተከራከራትም። እናቴ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ስለ ሥራ ብቻ ነበር፤ ያንን አምጪ፣ ይኼን ያዢ።

ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳልሄድ ቀረሁ፤ እናቴ አይታ ጓንት አቀበለችኝ። ኤዶ ዕቃ ቤት አልገባችም። ክፍሉ መሀል ቆማ፣ ሦስት ጾመኞችና አንዲት ጾም የሻረች ልጅ እያዩዋት፣ አንድ ማንኪያ ወሰደች። አፏ ውስጥ ይዛ አቆየችው። ሆን ብላ ነው ያቆየችው፣ እምላለሁ። ዋጠች፣ ጠበቀች። አይመርም አለች። ሙሴ ወረቀቱን አውጥቶ ከቁጥሩ አጠገብ የምትለውን ይጽፍ ጀመር፤ መጀመሪያ ምን ይላል፣ በኋላስ ምን ይተዋል፣ ጉሮሮ ላይስ እያለ። እሷም አንድ ማንኪያ ላይ ሩብ ሰዓት አወራች። ይኼን ሁሉ ወር ማን ጠይቋት ያውቃል።

የሱቁ ሰው ከሰዓት መጣ። እናቴ ንግግሯን አደረገች፣ እጇም ደረቷ ላይ ወጣ። ብርጭቆውንና ማንኪያውን ስታቀርብለት ሰውየው እጁን አነሳ።

«ይቅርታ፣ እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ» አለ። «ማታ ሳፈጥር ቤቴ እቀምሰዋለሁ።»

ማንም ማንንም አላየም። እኔ በዚያች ደቂቃ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፦ መራራውንም ብንሰጠው ኖሮ ከቴምሩ በኋላ ግሩም ነው ብሎ ይገዛን ነበር። ጾሜን የሻርኩት፣ ኤዶ ምስጢሯን ያወጣችው፣ ጋሼ አርታ ድረስ የተንከራተቱት ለባዶ ነው። ልጮኽ ደረስኩ።

ኤዶ ግን እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቤትህ የማይጾም ሰው የለም ወይ ብላ ጠየቀችው። ትንንሾቹ ልጆቼ አይጾሙም አለ። «ባለቤቴም በዚህ ሳምንት...» ብሎ ቆመና ሳል መጣበት። ኤዶ ፊቷን እንኳ አልቀየረችም። ነገ በቀን ለእነሱ ስጣቸው፣ የአንተን ምላስ አትስማ፣ የእነሱን ስማ፤ ከጾም በኋላ የቀመሰ ሰው ምስክር አይሆንም አለችው። ሰውየው እናቴን አያት። እናቴም ልክ ናት አለች፤ መጀመሪያ ለአንተ ያዘጋጀነውን ዙር እንደዚያ ቀምሰን ተሳስተን ነበር ብላ ሁሉንም ነገረችው። ኤዶ እንዳለችው ነው፤ እናቴ መዋሸት አትችልም። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰውየው ግን ሳቀና ስድስት ብርጭቆ ይዞ ሄደ።

ቅዳሜ ደወለ። ልጆቹ ብርጭቆውን ልሰውታል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሌላ የለም ወይ ብላለች። ከዒድ በኋላ ቦታ ይሰጠናል።

እሑድ እናቴ ወደ ንስሐ አባታችን ወሰደችኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው ለመሆኑ ጣመሽ ወይ አሉኝ። አይ አባ፣ መራራ ነበር አልኳቸው። ጢማቸውን ሲያሻሹ ከንፈራቸው የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ እንግዲያው ግማሹን ቅጣት እዚያው ተቀብለሽዋል አሉና ለአንድ ሳምንት በየቀኑ አርባ ስግደት አዘዙኝ። ግማሹ ይኼ ከሆነ ሙሉው ስንት ነበር ብዬ መጠየቅ አልደፈርኩም። እናቴ የቤታችንን በር ስትከፍት፣ ቁልፉን እያየች፣ ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ንገሪኝ አለች። አንቺም መጀመሪያ ስሚኝ አልኳት። እሺ አለች።

ሰኞ ከሰዓት እየሰገድኩ ነበር። ጉልበቴ ተልጧል፣ ጀርባዬ ተቆርጧል፣ በመጋረጃው ማዶ የእናቴ ስልክ ይሰማኛል። አዲስ አበባ ነው የደወለችው። ሰላምታው ረዘመ፤ ጤና ተጠየቀ፣ ጾሙ ተጠየቀ፣ የጅቡቲ ሙቀት ተጠየቀ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ግንባሬ መሬት እንደነካ ድምፅዋ ተለወጠ። በጣም አመሰግናለሁ፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ ግን አንመጣም፣ እዚሁ ነን ስትል ሰማኋት።

ተነስቼ ቆምኩ። ስንት እንደደረስኩ ጠፋኝ። ከአንድ ጀመርኩ።